ሦስት ቦርሳ፣ አንድ ሙዳይ፦ በሜልበርን የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቀናት

ሜልበርን አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ የሚያስጨንቃችሁ «ለምን መጣችሁ?» የሚለው ጥያቄ አይደለም። «ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» የሚለው ነው። ከማረፋችሁ በፊት በምትሞሉት ወረቀት ላይ ስለ ምግብ፣ ስለ ዘር፣ ስለ ወተት ውጤት፣ ከእንጨት ስለተሠራ ዕቃ፣ የእርሻ አፈር ስለነካው ጫማ ሳይቀር ትጠየቃላችሁ። እናታችሁ ገርጂ ካለው ቤቷ ስትሸኛችሁ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ጣሳ ንጥር ቅቤ ቦርሳችሁ ውስጥ ከጠቀጠቀች ደግሞ ወረቀቱን የምትሞሉት ላብ እያጠመቃችሁ ነው።

እኔ እውነቱን ሞላሁ። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። አውስትራሊያ በባሕር የተከበበች አገር ናት፤ የእርሻና የከብት በሽታ እንዳይገባባት እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠነቀቃለች። ያልተናገሩት ነገር ቦርሳ ውስጥ ከተገኘ ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ቪዛ እስከ መሰረዝ ሊደርስ ይችላል። የተናገረ ሰው ግን ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል እንጂ አይቀጣም። ጓንት ያጠለቁት የፍተሻ ሠራተኛ የእናቴን ፌስታሎች አንድ በአንድ ፈትተው አዩ፣ አሸተቱ። «ይሄ የተቆላና የተፈጨ ነው?» ብለው ስለ ሽሮው ጠየቁኝ። አዎን አልኳቸው። በርበሬውን አሽትተው አስነጠሱና ሳቁ። ቅቤው ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁ ቆመ። የከብት በሽታ ካለባቸው አገሮች የመጣ፣ ቤት ውስጥ የተነጠረ ቅቤ አይገባም። ጣሳው ወደ ማስወገጃው ሣጥን ገባ።

ያን ቀን ማታ እናቴ ደወለች። በእኛ አቆጣጠር ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። «ቅቤው ደረሰ?» አለችኝ። «ደርሷል እማዬ፣ ሁሉም ሰላም ነው» አልኳት። የመጀመሪያዋ ውሸት እሷ ነበረች። በሳምንቱ ሌላ ተከተለቻት።

ማን ነው መሄድ የሚችለው?

ወደ ጉዞው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር፤ ምክንያቱም ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ብዙ ወላጆች «ልጄስ?» ማለታቸው አይቀርም። አውስትራሊያ «ወርኪንግ ሆሊዴይ» የምትለው ቪዛ ወጣቶች አንድ ዓመት አገሯን እየዞሩ፣ እግረ መንገዳቸውን እየሠሩ ወጪያቸውን እንዲሸፍኑ የሚፈቅድ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ 1975 ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድና ከካናዳ ወጣቶች ጋር ነው። ዛሬ የአገሮቹ ዝርዝር ረዝሟል፤ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስና ጣሊያን አሉበት። አሜሪካና እስራኤል ደግሞ በተመሳሳይ ሌላ ቪዛ ተካተዋል። በእነዚህ አገሮች ስንት የእኛ ልጆች እንዳሉ ታውቃላችሁ። የዕድሜው ገደብ ለአብዛኞቹ ከ 18 እስከ 30 ዓመት ሲሆን፣ ለካናዳና ለጥቂት ሌሎች አገሮች እስከ 35 ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ አንድ ደላላ ቢሮ አስጠርቶ «በዚህ ቪዛ አውስትራሊያ እልክላችኋለሁ፣ ቅድሚያ ክፈሉ» ቢላችሁ ሻይ እንኳ ሳትጠጡ ውጡ። ማመልከቻው በአውስትራሊያ መንግሥት ድረ ገጽ በአመልካቹ በራሱ የሚሞላ ነው። ክፍያው እኛ ስናመለክት ከ 600 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነበር። ለመነሻ የሚሆን 5,000 ዶላር ያህል በባንክ እንዳላችሁም ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ በ 15 ዓመቴ ወደ ቶሮንቶ የሄድኩ ነኝ፤ የካናዳ ፓስፖርት አለኝ። ሁለቱ ጓደኞቼም እዚያው ያደጉ ናቸው። አንዷ ነርስ ናት። ሌላዋ የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ ደረሰኝ የማትጥል፣ ሦስት ሰው ሻይ ቢጠጣ የእያንዳንዱን ድርሻ እስከ ሳንቲም የምታወጣ። ሦስታችንም ከሥራችን የአንድ ዓመት ፈቃድ ጠየቅን። የሁለቱ ተፈቀደ፤ የእኔ አልተፈቀደም፤ ለቀቅኩ። በጉዞአችን ላይ አዲስ አበባ ጎራ ብለን ጥምቀትን ጃን ሜዳ አከበርንና ጥር 13 ማታ በዱባይ በኩል በረርን። ከዱባይ ሜልበርን ብቻውን 13 ሰዓት ያህል ነው። መቀመጫ ስትመርጡ የመተላለፊያውን ዳር ምረጡ፤ እግራችሁ ያመሰግናችኋል።

እናቴ ሥራ መልቀቄን እስከ መጨረሻው አልወደደችውም። «ሰው እንጀራውን ትቶ ፍሬ ሊለቅም ይሄዳል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስምንት ሰው የሚተኛበት ክፍል

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መሐል ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ሰዘርን ክሮስ ከተባለው ባቡር ጣቢያ ያወርዳችኋል። ከዚያ ጎዳናውን ለመሻገር ስትሞክሩ የመጀመሪያውን ትምህርት ትማራላችሁ፦ መኪና በግራ ነው የሚሄደው። እኛ ሦስታችንም እንደለመድነው ወደ ግራ አይተን እግራችንን ስናነሣ ትራም በቀኝ በኩል ደወሉን አንቃጨለብን። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን መንገድ መሻገር አለማምዷቸው።

ትራሙ የከተማው ነፍስ ነው። መሐል ከተማው ውስጥ በነፃ ነው፤ ከዚያ ክልል ከወጣችሁ ግን ማይኪ የተባለው ካርድ ያስፈልጋችኋል። ድንበሩ የት እንደሆነ በየፌርማታው ተጽፏል፤ ሳታነቡ ካለፋችሁ ተቆጣጣሪ ያስነብባችኋል።

የያዝነው ሆስቴል በአንድ ክፍል ስምንት ሰው በተደራራቢ አልጋ የሚተኛበት ነው። ለአንድ አልጋ በአዳር 45 ዶላር ከፈልን። ከእኛ ሌላ ሁለት ጀርመናውያን፣ አንድ አይሪሽ፣ አንድ ጃፓናዊና ስሙን ሳንሰማ የሄደ አንድ ልጅ ነበሩ። የላይኛው አልጋ ለሚተኛ ሰው ሦስት ነገር እመክራለሁ፦ የጆሮ መድፈኛ፣ የራሱ ቁልፍና ትዕግሥት። ወጥ ቤቱ የጋራ ነው፤ እያንዳንዱ ምግቡን በፌስታል አድርጎ ስሙን ጽፎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጣል። በሁለተኛው ቀን ማታ የእናቴን ሽሮ ስናንተከትክ መጀመሪያ መስኮት የከፈቱት ጀርመናውያን በኋላ ሳህን ይዘው መጡ።

ወጪያችንን በአንድ ቋት ለማድረግ ተስማምተን ነበር። እያንዳንዳችን 1,000 ዶላር አዋጣን፤ ሦስት ሺሕ ሆነ። ስሙን «ሙዳይ» አልነው። አልጋ፣ ምግብና መጓጓዣ ከሙዳዩ ይወጣል። ያዥዋ ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም፤ የሒሳብ ባለሙያዋ ናት።

የወረቀት ቀናት

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ጉዞ ሲያስብ ባሕር ዳርቻ ይታየዋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን የወረቀት ናቸው። ሐሙስ ጠዋት ገብተን ዓርብ ሦስት ነገር ጨረስን፦ ሲም ካርድ፣ የባንክ ሂሳብና የግብር ከፋይ ቁጥር። የባንክ ሂሳቡን ከመነሣታችን በፊት በኢንተርኔት ጀምረነው ስለነበር ቅርንጫፍ ሄደን ፓስፖርት ማሳየት ብቻ ቀረን። የግብር ቁጥሩ በነፃ ነው፤ የሚጠየቀውም በኢንተርኔት ከግብር መሥሪያ ቤቱ ነው። ደብዳቤው በፖስታ እስኪመጣ እስከ አራት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ ሥራ መጀመር ትችላላችሁ። ቁጥሩን በ 28 ቀን ውስጥ ለአሠሪው ካልሰጣችሁ ግን ከፍተኛ ግብር ይቆረጥባችኋል። እኛ የሆስቴሉን አድራሻ ሰጠን፤ ደብዳቤው የመጣው ከወጣን በኋላ ነው። የምታውቁት ሰው ካለ የእሱን አድራሻ ስጡ።

ዓርብ መጨረሳችን በጀን፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ሰኞ በዓል ነበር። ጃንዋሪ 26 የአውስትራሊያ ብሔራዊ በዓል ነው። ያን ዓመት እሑድ ስለዋለ ሰኞ ሥራ አልነበረም፤ ባንክ ዝግ፣ ቢሮ ዝግ። በዚህ ቀን ሁሉም ደስ አይለውም፤ የአገሬው ቀደምት ሕዝቦች ቀኑን የሐዘን ቀን አድርገው የሚያስቡት ስለሆነ በከተማው ሰልፍም ነበር። ባንዲራ የለበሰውንም በዝምታ የሚሄደውንም በአንድ ጎዳና ላይ አየን።

በመሐሉ ከተማውን ተመለከትን። ቅዳሜ ከ 1878 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የኩዊን ቪክቶሪያ ገበያ ዞርን። የሥጋው፣ የአትክልቱ፣ የልብሱ ተራ የተለየ ሆኖ ስታዩ መርካቶን ያስታውሳችኋል፤ ግን ዋጋ አይከራከሩም። ወደ መዝጊያው ሰዓት ግን ሻጮቹ ራሳቸው እየጮኹ ያራክሳሉ፤ በዚያ ሰዓት ሂዱ። ሰኞ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ 96 ቁጥር ትራም ተሳፍረን ሴንት ኪልዳ ባሕር ዳርቻ ወረድን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሹራብ ፈለግን። ሜልበርን «በአንድ ቀን አራት ወቅት» የሚባልላት ያለ ነገር አይደለም። ቦርሳችሁ ውስጥ ኮፍያም ሹራብም ይኑር።

አንድ ቦታ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሳያዩ መመለስ ነውር ነው፤ ትልቁ የክሪኬት ስታዲየም። አገራችን በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ 1956 በዚህ ከተማ ነው፤ ዋናው ስታዲየምም ይኸው ነበር። ማሞ ወልዴ ያኔ ወጣት ሆኖ በመካከለኛ ርቀት ሮጠ፤ ሜዳሊያ ሳያገኝ ተመለሰ። ከ 12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ ወሰደ። ነርሷ ከአጥሩ ውጭ ቆማ «ስለዚህ የመጀመሪያው ጊዜ ባይሳካ አያሳፍርም ማለት ነው» አለች። ይህን ያለችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሐሙስ ራሷ ረሳችው።

የጠፋው 450 ዶላር

ሥራ ፍለጋው ከጠበቅነው በላይ ከበደን። ነርሷ በሙያዋ ለመሥራት ምዝገባው ወራት ይፈጃል። ካፌ ስንጠይቅ «የአገር ውስጥ ልምድ አለሽ?» ይሉናል። መጠጥ ለሚሸጥበት ቤት የተለየ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ጃንዋሪ ማለቂያ ደግሞ ከተማው ሥራ በሚፈልግ ወጣት የተሞላ ነው። ሙዳዩም በየቀኑ ይጎድላል፤ የሦስት ሰው አልጋ ብቻ በቀን 135 ዶላር ነው።

ማክሰኞ ማታ የሒሳብ ባለሙያዋ በስልኳ አንድ ማስታወቂያ አየች። የቤሪ እርሻ፣ መኝታ ያለው፣ አውቶቡስ መጥቶ የሚወስድ፣ ለሦስት ሰው ቦታ የቀረ። ቦታው እንዲያዝ ለአንድ ሰው 150 ዶላር ማረጋገጫ። ልታስደስተን ፈለገች። ሳትነግረን ከሙዳዩ 450 ዶላር አስተላለፈች፤ «ሐሙስ ጠዋት ሰዘርን ክሮስ በር ላይ ይጠብቋችኋል» የሚል መልእክት ደረሳት። ረቡዕ ማታ ሲሆን ነው በደስታ የነገረችን።

ሐሙስ ከሆስቴሉ ወጥተን፣ ቦርሳችንን ተሸክመን በአንድ ሰዓት ደረስን። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ስልኩ አይነሣም። አራት ሰዓት ላይ ማስታወቂያው ራሱ ጠፋ። ባንኩ ገንዘቡ ከተላከበት ሂሳብ ወጥቷል አለን። ለመንግሥት የማጭበርበር ጥቆማ መቀበያ አመለከትን፤ ብሩ ግን አልተመለሰም።

ፍላግስታፍ ጋርደንስ የተባለው መናፈሻ ውስጥ፣ ሦስት ቦርሳ ሣሩ ላይ ዘርግተን የተነጋገርነውን ሁሉ አልጽፍም። ነርሷ «ሙዳዩ ይከፈልና እያንዳንዳችን በየራሳችን እንሁን» አለች። እኔ ከዚያ የባሰ ነገር ተናገርኩ፤ «የሰው ደረሰኝ ስትቆጥሪ የራስሽን አጣሽው» አልኳት። የሒሳብ ባለሙያዋ አላለቀሰችም። ስልኳን አውጥታ የቀረውን ገንዘብ ለሦስት ማካፈል ጀመረች፤ የራሷን ድርሻ ግን 450 ቀንሳ። ይህን ሳይ አፈርኩ። አፍሬም ይቅርታ አልጠየቅኩም።

ማታ እናቴ ደወለች። በእኛና በአዲስ አበባ መካከል በዚያ ወቅት የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ፤ እሷ ምሳ እየበላች ነበር። «ሥራ አገኛችሁ?» አለች። «አዎን፣ ነገ እንጀምራለን» አልኳት።

ፉትስክሬይ

እንጀራ የናፈቀው ሰው ሜልበርን ውስጥ የሚሄድበት ሰፈር አለ። ከፍሊንደርስ ስትሪት ጣቢያ በባቡር ወደ ምዕራብ ሩብ ሰዓት ያህል ሂዱና ፉትስክሬይ ውረዱ። ሰፈሩን ቀድመው ያደመቁት ቬትናማውያን ናቸው፤ ገበያው እስከ ዛሬ የእነሱ ጠረን አለው። ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ግን ዓይናችሁ የአማርኛ ፊደል ያያል፤ አፍንጫችሁ ደግሞ ከዓይናችሁ ቀድሞ ቡና እየተቆላ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ዓርብ ጠዋት ሦስታችንም ሳንነጋገር እዚያ ደረስን። አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ገባን። ባለቤቷ ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ ከተማ የኖሩ እናት ናቸው። ሦስት ግዙፍ ቦርሳና ሦስት የተኮሳተረ ፊት አዩና «ልጆቼ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?» አሉን። የሒሳብ ባለሙያዋ አማርኛዋ እየተሰባበረ ራሷ ነገረቻቸው፤ ምንም ሳትደብቅ፣ በማንም ሳታላክክ።

እትዬ ረከቦቱን ጎተት አድርገው ተቀመጡ። «አንድ ነገር ልንገራችሁ» አሉ። «እዚህ አገር ሥራ ለእናንተ ይከፍላል እንጂ እናንተን ክፈሉ አይልም። ክፈሉ ያለ ሁሉ ሌባ ነው። እኔም ስመጣ ከፍያለሁ፤ ያውም ለአገሬ ሰው።» ከዚያ ወደ እኔና ወደ ነርሷ ዞሩ። «እሷ ባትከፍል እናንተ ትከፍሉ ነበር። ማስታወቂያውን ብታዩት አታምኑም ነበር?» ዝም አልን። እኔ አምን ነበር። እውነቱ ይኸው ነበር።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ደረሰ። በሦስተኛው ስኒ ላይ ይቅርታ ጠየቅኳት። «በረካ ላይ ነው የምትጠይቂው? ቡናው ሊያልቅ ነው እኮ» አለችኝ። ሳቅን። ነርሷም የተካፈለው ገንዘብ ወደ ሙዳዩ ይመለስ አለች፤ የጠፋውም የሦስታችን ሆነ፤ ለአንድ ሰው 150 ዶላር። ሕግም ጨመርን፦ ከ 50 ዶላር በላይ የሚወጣ ነገር ሦስታችንም ካላወቅን አይወጣም።

እትዬ የፍራፍሬ ወቅት መሆኑን ነገሩንና ሼፐርተን ወደተባለች ከተማ እንድንሄድ መከሩን። ያን ቀን እዚያው ጠረጴዛ ላይ የአካባቢውን የፍራፍሬ እርሻዎች ቁጥር በስልክ ፈልገን አንድ በአንድ ደወልን። ስድስት ደወልን፤ ስድስተኛው «ሰኞ ጠዋት ኑ» አለን። ማረጋገጫ አልጠየቀም።

መሰላሉ ላይ

ሼፐርተን ከሜልበርን በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። በመስኮቱ የምታዩት አገር ጠፍጣፋና በበጋው ጸሐይ የደረቀ ነው። ከዚያ በድንገት በመስኖ የለማ አረንጓዴ ይጀምራል፤ ፒር፣ ፖም፣ ኮክ። ሰኞ ጥር 26፣ በመጣን በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እርሻው ውስጥ ነበርን።

ፒር መልቀም ቀላል ይመስላል። በደረታችሁ ላይ የሸራ ቦርሳ ታስራላችሁ፤ ባለ ሦስት እግር የብረት መሰላል ትሸከማላችሁ። ፍሬውን ጎትታችሁ አትቆርጡትም፤ ወደ ላይ ቀና ታደርጉትና ግንዱን ሳይለቅ ይመጣል። ገና ጠንካራ ሆኖ ነው የሚለቀመው፤ የሚበስለው ከዛፉ ከወረደ በኋላ ነው። ከተጋጨ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ቦርሳውን ወደ ትልቁ ሣጥን ስትገለብጡ እንደ ሕፃን አጎንብሳችሁ ነው። ቦርሳው ሲሞላ ትከሻ ያስጎነብሳል። ሣጥኑ ደግሞ ግማሽ ቶን የሚጠጋ ይይዛል፤ አይሞላም፣ አይሞላም፣ አይሞላም።

በአጠገባችን ከቶንጋ ደሴት የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። እነሱ በወቅቱ ለሥራ በሕጋዊ ውል የሚመጡ ናቸው። እየዘመሩ ይለቅማሉ፤ እኛ አንድ ስንሞላ እነሱ አራት ይሞላሉ። አንዱ አባት መሰላሌን አይቶ እግሩ የቆመበት እንደማያስተማምን ነገረኝ፤ ሦስተኛውን እግር ወደ ዛፉ ሥር አስገባልኝ። ከዚያ በኋላ አልተንገዳገድኩም።

እስከ ቀትር ሦስታችን ተረዳድተን አንድ ሣጥን ተኩል ሞላን። በቁጥር ብቻ ቢከፈለን ኖሮ የሆስቴሉን አልጋ አይሸፍንም ነበር። ግን ከሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ መጠን የሚከፈለው የእርሻ ሠራተኛ እንኳ ለሠራው ሰዓት ከዝቅተኛው ክፍያ በታች እንዳይወርድ ሕግ ወጥቷል። እኛ በነበርንበት ወቅት የአገሪቱ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 24.10 ዶላር ሲሆን፣ ለጊዜያዊ ሠራተኛ 25 በመቶ ይጨመርበታል። የእርሻው ኃላፊ ይህን ሳንጠይቀው ነው የነገረን። ጥሩ አሠሪ በዚህ ይታወቃል።

ለሚሄዱና ለሚልኩ

ልጃችሁ፣ የእህታችሁ ልጅ ወይም በውጭ ያለች ዘመዳችሁ ይህን ጉዞ ካሰበች እነዚህን አስታውሷት።

በዚህ ቪዛ ከአንድ አሠሪ ጋር በአብዛኛው ከስድስት ወር በላይ መሥራት አይፈቀድም። ከከተማ ውጭ በእርሻና በመሳሰሉት በተፈቀዱ ሥራዎች 88 ቀን የሠራ ለሁለተኛ ዓመት፣ በሁለተኛው ዓመት ስድስት ወር የሠራ ደግሞ ለሦስተኛ ዓመት ማመልከት ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን የክፍያ ወረቀት አስቀምጡ። አሠሪ ይህን ወረቀት ከከፈለ በኋላ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ የመስጠት ግዴታ አለበት።

የተመዘገበ አሠሪ ከመጀመሪያው 45,000 ዶላር ላይ 15 በመቶ ግብር ይቆርጣል። ለጡረታም በስማችሁ ያስቀምጣል። አገሩን ስትለቁ ልትጠይቁት ትችላላችሁ፤ ግን 65 በመቶው በግብር ስለሚቀር ብዙ አትመኩበት።

«የራስህን የንግድ ቁጥር አውጥተህ ሥራ» የሚል የእርሻ ወይም የካፌ አሠሪ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ ከደመወዝና ከመድን ግዴታ ለማምለጥ ነው። ፌር ወርክ ኦምቡድስማን የተባለው መሥሪያ ቤት የቪዛ ባለቤቶችን አቤቱታም በነፃ ይቀበላል፤ አስተርጓሚም ያቀርባል።

ከጓደኛ ጋር የምትሄዱ ከሆነ ስለ ገንዘብ ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ማን ይይዛል፣ እስከ ስንት ብቻውን ያወጣል፣ አንዱ ሥራ ቢያገኝ ሌላው ባያገኝስ? እኛ ይህን የተነጋገርነው ከ 450 ዶላር በኋላ ነው።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ቃል። ልጃችሁ ደውላ «ሁሉም ሰላም ነው» ካለቻችሁ እመኗት፤ ግን ቶሎ ስልኩን አትዝጉት። ትንሽ ቆዩ። ምን እንደበላች ጠይቋት። እውነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰላምታው በኋላ ነው።

ያን ሰኞ ማታ እጄ ስልክ መያዝ እስኪያቅተው ደክሜ ለእናቴ እኔ ራሴ ደወልኩ። የቅቤውን ነገርኳት። የ 450 ዶላሩን ነገርኳት። ዓርብ ሥራ እንደጀመርን የነገርኳት ውሸት እንደነበረ፣ ዛሬ ግን ከዛፍ ላይ ወርጄ እየደወልኩ እንደሆነ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፦

«ቅቤ ሌላ ይነጠራል። ገንዘቡንም ትሠሩታላችሁ። ያቺን ልጅ ግን አስቀይማችኋት እንዳይሆን?»

«ይቅርታ ጠይቄያታለሁ እማዬ።»

«ደግመሽ ጠይቂያት» አለችኝ። «አሁን ደግሞ ስጪኝ፣ እኔም ላናግራት።»

ስልኩን ሰጠኋት። የሒሳብ ባለሙያዋ በተሰባበረ አማርኛዋ «እሺ እማማ፣ እሺ እማማ» እያለች ወደ ደጅ ወጣች። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ተመልሳ ስትገባ ግን ደብተሯን አወጣችና የዕለቱን ሒሳብ ጻፈች፦ ገቢ፣ አንድ ሣጥን ተኩል ፒር።